ሽማግሌ የተቀመጠበት ፊልም

የእኔና የሚስቴ ትዳር በፊልም ፈረሰ ብል ሰው ይስቃል። ይሳቅ። የሌላ ሰው ቢሆን እኔም እስቅ ነበር። ባልና ሚስት በመጠጥ ይጣላሉ፣ በዘመድ ይጣላሉ፣ በሌላ ሴት ይጣላሉ። እኛ የተጣላነው ሰማይ ላይ በሚበር ፈረንጅ ነው። ሽማግሌም የተቀመጠው በእሱ ላይ ነው። ደብረ ማርቆስ ብዙ ዕርቅ አይታለች፤ ሦስት ሽማግሌ፣ ያውም አንዱ ቄስ፣ ለመፍረድ ብለው አክሽን ፊልም የተመለከቱበት ዕርቅ ግን የእኛው ብቻ ይመስለኛል።

ግንበኛ ነኝ። የተወለድኩት ከሮብ ገበያ በላይ፣ ጭጋጉ እስከ ረፋድ ከማይገፈፍበት አገር ነው። ፊደል የቆጠርኩት ጢሜን መላጨት ከጀመርኩ ከብዙ ዘመን በኋላ፣ ከተማ ገብቼ ሚስት ካገባሁ በኋላ ነው። ሚስቴም የአማኑኤል ከተማ ልጅ ናት፤ እሷም አታነብም ነበር። የጎልማሶች ትምህርት ሲከፈት አብረን ተመዘገብንና አንድ ዴስክ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። የእኔ እጅ ድንጋይ የለመደ ነው፤ እርሳስ ሲሰጡኝ እሰብራለሁ። እሷ ቀድማኝ ትጨርስና ደብተሯን በክንዷ ሸፍና፣ እኔ እስክጨርስ ድረስ እንዳልጨረሰች ሆና ትቀመጣለች። ቆይቼ ነቃሁባት። ስነቃ ተናደድኩ እንጂ ደስ አላለኝም። ወንድ ልጅ እንዲታዘንለት አይወድም።

የሱቅ ጽሑፍ፣ ጋዜጣ፣ ኋላም መጽሐፍ ማንበብ ስችል በቃኝ ብዬ አቆምኩ። ለግንበኛ ከዚህ በላይ ምን ያደርጋል? እሷ ቀጠለች። ቀን ቀን ሆቴል ወጥ ቤት እየሠራች፣ ማታ እየተማረች እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ዓመት በዓመት አለፈች። ልጅ እግዜር አልሰጠንም። ደብተሯን ከእጇ የሚያስጥላት የለም ነበር።

የዚያን ፊልም የመጀመሪያ ክፍል ያየነው ገና አብረን በምንማርበት ጊዜ ነው። ከመናኸሪያው ጀርባ አንድ ቪዲዮ ቤት አለ፤ አግዳሚ ወንበር፣ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ትልቅ ቴሌቪዥን። ሴት አይበዛበትም። እኔ ግን በዓል ነበርና ሚስቴን ይዤ ገባሁ። ፈረንጆቹ በቋንቋቸው ሲያወሩ፣ አንድ ተርጓሚ ከላይ በአማርኛ ይደርብባቸዋል፤ የወንዱንም የሴቷንም የሕፃኑንም የሚናገረው እሱው ነው። ሴት ስትናገር ድምፁን ያቀጥናል። በራሪው ሰውዬ ከተማውን አዳነና አገባ። መጨረሻ ላይ የሚበርበትን ልብስ አጣጥፎ ብረት ሳጥን ውስጥ ከተተው፣ ቁልፉን አንገቱ ላይ አንጠለጠለው፣ «ከእንግዲህ ቤቴ ነኝ» አለ። ቤቱ በጭብጨባ ተናወጠ። እኔም መዳፌ እስኪቀላ አጨበጨብኩ።

ስንወጣ ሚስቴ፣ «ልብሱን ለምን ቆለፈበት?» አለችኝ።

«ታዲያ ምን ያድርገው?»

«ለሌላ ሰው ቢሰጠውስ?»

«ለማን ይስጠው? የተሰፋው በእሱ ልክ ነው።»

«ማሳጠር ይቻላል እኮ» አለች።

እስከ ቤታችን ድረስ ሳቅሁባት። እሷም አብራኝ ሳቀች። ያኔ አብረን እንስቅ ነበር።

ሁለተኛው ክፍል እስኪመጣ ዓመታት ጠበቅን። ውጭ አገር ሲወጣ ወሬው ደረሰን፣ ፊልሙ ግን አልደረሰንም። መንገዱ ይዘጋል፣ ኔትወርኩ ይጠፋል። በመጨረሻ በአንድ የጭነት መኪና ሾፌር ኪስ፣ በፍላሽ፣ ከነትርጉሙ ገባ። የቪዲዮ ቤቱ ባለቤት ካርቶን ላይ በቀይ ቀለም «እጅግ ብዙ ሚሊዮን ዶላር የፈሰሰበት! ክፍል ሁለት!» ብሎ ጽፎ በሩ ላይ ሰቀለ። ቆሜ አነበብኩት። ማንበብ ስለቻልኩ ኮራሁ፣ ልጅ እንደሚኮራው። ሚስቴንም፣ «ተነሺ፣ የድሮ ወዳጃችን መጣ» አልኳት።

ቤቱ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል። መጀመሪያው ጥሩ ነበር። ሕንፃ ይፈርሳል፣ ድልድይ ይበጠሳል። ግንበኛ ነኝና ሲፈርስ ቢቆጨኝም አጨበጨብኩ። ከዚያ በራሪው ያለ ልብሱ ሲታገል ቆሰለ። ኃይሉ ከእሱ ወጥቶ ወደ ሚስቱ ገባ። እንዴት እንደገባ ተርጓሚው አላብራራም፤ «ገባባት» ብቻ ብሎ አለፈው። ከተማው ይነድዳል። ከእሷ በቀር የሚያድነው የለም። ልብሱን ካልለበሰች ደግሞ አትበርም። ልብሱ ሳጥኑ ውስጥ ነው፤ የሳጥኑ ቁልፍ ባሏ አንገት ላይ ነው።

እዚህ ላይ ቤቱ ቀውጢ ሆነ።

«እንዳትሰጣት!»

«ይሄን ሁሉ ሚሊዮን ያፈሰሱት ሚስቱን ሊነጥቁት ነው እንዴ?»

«እሱንስ ምን ሊያደርጉት ነው? ወጥ ሊያሠሩት?»

ፊት የተቀመጡት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ዞረው፣ «ዝም በሉና እንይበት! ከአንደኛው ይሄ ይበልጣል!» ብለው ጮኹ። ከኋላዬ ያለ አንድ ደላላ ደግሞ፣ «ቁልፉን ከነጠቀችው አለቀለት» አለ።

ዞሬ፣ «ወንድ ከሆነ አይነጠቅም» አልኩት።

«ወንድ ቢሆንማ መጀመሪያስ ይቆስል ነበር?» አለኝ።

ተከራከርን። ፊቴን ስመልስ ሴትዮዋ ልብሱን ለብሳ ከጣሪያው በላይ ነበረች። እሳቱን አጠፋች፣ ከደመናው በላይ ወጣች፣ እዚያው ሆና ከተማውን ስትጠብቅ ቀረች። ባልየው ደጁ ላይ ቆሞ ሽቅብ ሲያይ ፊልሙ አለቀ። እኩሌታው ሰው አፏጨ፣ እኩሌታው አጨበጨበ። ሚስቴ አላፏጨችም፣ አላጨበጨበችም። ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ታለቅሳለች።

«ፊልሙን አበላሹት» አልኳት መንገድ ላይ።

«ለእኔ ገና አሁን ተስተካከለ።»

«ባሏን ደጅ ላይ ገትራው መሄዷ ነው የተስተካከለው?»

«ከተማው እየነደደ እኮ ነው!»

«ይንደዳ!»

«አንተ ብትሆን አትሰጣትም?» አለችኝ።

«እኔ ብሆን ቁልፉን ውጬው ቁጭ ነበር የምለው።»

ስቄ ነው ያልኩት። እሷ አልሳቀችም። ቤት ገብተን ምሳ ካቀረበች በኋላ ነገረችኝ። ባሕር ዳር፣ ለነርስነት ትምህርት ስሟ ወጥቷል። ካወቀች ሰንብታለች። ፊልሙን አይተን፣ እኔን ደስ ብሎኝ ስንመለስ ልትነግረኝ ነበር ያሰበችው። ያን ያህል ቀን በሆዷ ይዛ የጠበቀችው በራሪውን ነው።

«መንገዱ ጥሩ አይደለም» አልኳት።

«መንገዱ ለሁሉም ነው። ሌሎቹም ይሄዳሉ።»

«እኔስ?»

«አንተማ ትመጣለህ። ግንበኛ የትም ይፈለጋል።»

ባል ሚስቱን ተከትሎ ጓዙን ሲጭን የታየበት አገር ካለ ንገሩኝ። ሳህኑን ገፋሁት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን ውስጥ የሚናገር ሰው ጠፋ።

ሥራ ቦታ ደግሞ ከዚያ ፊልም ሌላ ወሬ የለም። ለሳኙ ግድግዳውን እየለሰነ፣ «ሴቷ ናት ፊልሙን ያዳነችው» ይላል። ፌሮ የሚያስረው፣ «አንደኛውን ክፍል ገደሉት፣ ተዝካሩንም ሁለተኛ ክፍል ብለው አወጡት» ይላል። ለምስክርነት እኔን ይጠሩኛል። እኔ ድንጋዬን እጠርባለሁ። ቤቴ ድረስ የገባ ነገር መሆኑን ለማን እነግራለሁ?

ጎረቤታችን ጡረታ የወጡ የአውቶብስ ሾፌር ናቸው። የእኛን ዝምታ የሰሙት እሳቸው ናቸው፤ ግድግዳው አንድ ነው። የንስሐ አባታችንን ጠሩ። አጎቴም በሬዎቻቸውን ለጎረቤት አደራ ብለው ከሮብ ገበያ በላይ ካለው አገራችን ወረዱ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሦስቱ በሾፌሩ ቤት ተቀመጡ፤ እኔና ሚስቴ ፊታቸው ቆምን።

አባ ጸሎት አድርሰው፣ «በምን ተጣላችሁ?» አሉ።

የትምህርቱን ነገር ማንሳት አልወደድኩም። ካነሳሁት ሚስቱን የፈራ እባላለሁ። «በፊልም» አልኩ።

«በምን?»

«በፊልም፣ አባቴ። ባሏን ትታ የሄደች ሴት አለች። እኔ ነቀፍኩ፣ እሷ ደገፈች።»

አባ ወደ ሚስቴ ዞሩ። «እውነት ነው ልጄ?»

«መጣላታችን እውነት ነው አባቴ። ግን ሴትዮዋ ትታው አልሄደችም።»

«ትታው ሄዳለች!»

«አልሄደችም።»

አጎቴ በትራቸውን መሬት መትተው፣ «ቆይ፣ ይቺ ሴትዮ የማን ልጅ ናት? አባት የላትም የሚመልሳት?» አሉ። ሾፌሩ በጋቢያቸው አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ።

አባ አልሳቁም። «ወሰን የተጣሉ ሰዎችን የምናስታርቀው ወሰኑ ላይ ቆመን፣ ድንጋዩን አይተን ነው። ሳያዩ መፍረድ ኩነኔ ነው» አሉ። «የት ነው ያለው ይሄ ነገር?»

ቄስ ቪዲዮ ቤት ሲገባ ታየ ቢባል ገበያው ይፈርስ ነበር። ሾፌሩ ሄደው ፊልሙን በፍላሽ አስገልብጠው መጡና ቴሌቪዥናቸው ላይ ሰኩት። ሽማግሌዎቹ ተደርድረው ተመለከቱ። እኔና ሚስቴ እንደ ተከሳሽ ዳርና ዳር ተቀመጥን።

በሌላ ጊዜ ቢሆን አገር የሚያስቅ ነበር። በራሪው መኪና ሲያነሳ አጎቴ፣ «አዬ! ይሄ ሰውዬ እኛ አገር ሲናን ቢወለድ ስንት ጥማድ ያርስ ነበር!» ይላሉ። ባልና ሚስቱ ሲሳሳሙ አባ መስቀላቸውን ወደ ላይ አድርገው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፤ «አለፈ?» ይላሉ፤ ሾፌሩ፣ «ገና ነው አባ፣ ይቆዩ» ይሏቸዋል። ሚስቴ ፈገግ ስትል አየኋት። ወደ እኔም አየች። ያኔ አንድ ቃል ብናገር ኖሮ ምናልባት ሽማግሌም ባላስፈለገ። ፊቴን ወደ ቴሌቪዥኑ መለስኩ።

ሰውዬው ቆሰለ፣ ከተማው ነደደ፣ ሴትዮዋ ሳጥኑ አጠገብ ቆመች። መብራት ጠፋ።

ጠበቅን። አልመጣም። አጎቴ፣ «ምን ሆነች? ሰጣት ወይስ ከለከላት?» ብለው ተቁነጠነጡ።

አባም፣ «እንግዲህ ያዩት ይመስክሩ። ባል ይቅደም» አሉ።

«ቁልፉን ወሰደች፣ ልብሱን ለበሰች፣ ትታው ሄደች። ቁስለኛ ባሏን!» አልኩ።

«አንቺስ?»

ሚስቴ ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች። «አልወሰደችም አባቴ። ልትጠይቀው እንኳ አልደፈረችም። ቁልፉን ከአንገቱ ያወጣው እሱ ነው። እያመመው ተንበርክኮ ሳጥኑን ከፈተ። ልብሱን ራሱ አለበሳት። ሰፍቷት ስለነበር ከጀርባዋ ሰብስቦ አሰረላት። ከዚያ፣ ‹ሂጂ፣ እኔ እዚህ ነኝ› አላት።»

«ውሸት ነው!» አልኩ። «እኔም እዚያው ነበርኩ፤ እንዲህ ያለ ነገር አላየሁም። አባታችን ፊት ቆማ ትዋሻለች!»

እውነትም አላየሁም። ያላየሁት ከደላላው ጋር ስከራከር መሆኑ ያን ጊዜ ትዝ አላለኝም።

አባ ሁለታችንንም አዩን። «ልጆቼ፣ ይሄ ሁሉ ለፈረንጂቷ ብቻ ነው?» አሉ። ሚስቴ የባሕር ዳሩን ነገር ተናገረች። ሽማግሌዎቹም እንደ ቪዲዮ ቤቱ ሰው ለሁለት ተከፈሉ።

«ትሂድ እንጂ!» አሉ ሾፌሩ። «እኔ ዕድሜዬን መንገድ ላይ ነበርኩ፤ ሚስቴ ጠብቃኛለች። ወንዱ ቢጠብቅ ምን ይሆናል?»

«አንቱማ ደመወዝ ይዘው ነበር የሚመለሱት» አሉ አጎቴ። «እሷ ምን ይዛ ትመለሳለች? የሌላ ሰው ዓይን?»

«አያ» አለቻቸው ሚስቴ፣ «መርፌ ይዤ እመለሳለሁ። የወገብዎን ሕመም የምወጋልዎ።»

አጎቴ ሳይወዱ ሳቁ። አባ ግን ወደ እኔ ዞረው፣ «ምስክሩም ሽማግሌውም ተከፈለ። ቃሉ ያንተ ይሁን። አስበህ ተናገር፤ ትሂድ ወይስ ትቅር?» አሉኝ።

እሷ እያየችኝ ነበር፤ ያን ዴስክ ላይ ደብተሯን ሸፍና ስትጠብቀኝ እንደምታየኝ።

«ትቅር» አልኩ።

የሦስቱንም ጉልበት ሳመች። ከዚያ ጎንበስ ብላ የእኔንም ሳመች። «እሺ» አለች። «ይቅር ለእግዚአብሔር» ተባባልን፣ ጠላ ቀረበ፣ አጎቴ መረቁን። ተፈረደልኝ።

ሰው የሚጠብቀው በማግሥቱ ጠፋች እንድል ነው። አልጠፋችም። እሺ ያለችው የእውነት እሺ ነው። ምዝገባው ሲጀመር ቤት ነበረች። ምዝገባው ሲዘጋ ደጅ ላይ ተቀምጣ ሲሚንቶ የጠጣ የሥራ ልብሴን ታጥብ ነበር። ደህና አደርክ ትላለች፣ ብላ ትላለች፣ ሌላ የላትም። እኔም ይለፍላታል ብዬ ዝም አልኩ። ክረምቱ አለፈ፣ መስቀልን በላን። ከዚያ አንድ ጠዋት ነጠላዋን ለብሳ፣ «እናቴ ጋ ሄጃለሁ» አለችኝ። አማኑኤል ቅርብ ነው፣ ማታ ትመለሳለች አልኩ። አልተመለሰችም።

ለትምህርቱ ብላ ብትሄድ ይገባኝ ነበር። ባሕር ዳር ወሰደብኝ፣ ነርስነት ወሰደብኝ እል ነበር። እሷ ግን የሄደችው የምትሄድበት ከጠፋ በኋላ ነው። ስለዚህ ወደ አንድ ነገር አልሄደችም። ከእኔ ነው የሄደችው። ይሄንን ለመረዳት አሥራ ሁለተኛ ክፍል መድረስ አያስፈልግም።

ሽማግሌዎቹን መልሼ ላክሁ። አባና ሾፌሩ አማኑኤል ደርሰው ብቻቸውን ተመለሱ።

«ምን አለች?» አልኩ።

ሾፌሩ መሬት መሬት እያዩ፣ «ፊልሙን ጨርሶ ይይ ብላለች» አሉኝ።

ተሳደብኩ። ማንን እንደሆነ እንጃ። አላይም ብዬም ብዙ ሰነበትኩ። በመጨረሻ የሄድኩት ላሳፍራት ብዬ ነው። የተናገረችው እንደሌለ በዓይኔ አይቼ፣ አማኑኤል ወርጄ፣ «ዋሽተሻል» ልላት።

ዝናብ ሥራ ያስፈታን ከሰዓት ነበር። ፊልሙ አርጅቷል፤ የቪዲዮ ቤቱ ባለቤት የሚያሳየው አዲስ ሲያጣ ነው። ድሮ ከሚስቴ ጋር የተቀመጥንበት አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። የነበረው ሰው ጥቂት ነው፤ ያም ጥቂት ፊልሙን በቃሉ አጥንቶታል። ሴትዮዋ ሳጥኑ አጠገብ ስትቆም ሁሉም እንደ ዘፈን ተቀባይ ባንድ ድምፅ፣ «እንዳትሰጣት!» አለ፤ ተሳሳቀ። የድሮው ጠብ ጨዋታ ሆኗል። እኔ ወደ ኋላ አልዞርኩም። ዓይኔን አልነቀልኩም።

ሰውዬው ቁልፉን ከአንገቱ አወጣ። እያመመው ተንበረከከ። ሳጥኑን ከፈተ። ልብሱን አለበሳት፤ ሰፍቷት ነበርና ከጀርባዋ ሰብስቦ አሰረላት። ሁሉም እንዳለችው ነው። አንድም አልተሳሳተችም።

ከዚያ ይናገራል ብዬ ጠበቅሁ። አልተናገረም። ዝም ብሎ አያት፤ ተርጓሚውም ዝም አለ። ሴትዮዋ በረረች።

«ሂጂ፣ እኔ እዚህ ነኝ» የሚል ቃል በፊልሙ ውስጥ የለም። ያን የጨመረችው ሚስቴ ናት። በሽማግሌ ፊት፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ፣ እኔ እንድሰማው ነው ያለችው። ትዋሻለች ማለቴ ልክ ነበር። አንዲት ቃል ዋሽታለች።

አማኑኤል አልወረድኩም። ለሥራ በዚያ በኩል ሳልፍ ሚኒባሱ ከተማው መሀል ሰው ሊያወርድ ይቆማል፤ እኔ አልወርድም። ወርጄስ ምን እላለሁ? ሂጂ እንዳልላት የምትሄድበት ትምህርት አልፏታል። እኔ እዚህ ነኝ እንዳልላት፣ የት እንዳለሁማ ታውቃለች።